የእንቅልፍ ጥራት መጓደልና በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

እንቅልፍ በሰዓት ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞ የሚነሳ ሰው የእንቅልፉ ጥራት ተጓድሏል።

በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ያደረጉት መጠይቅ ያለፈውን አንድ ወር እንቅልፍ በሰባት መመዘኛዎች ይለካል። እነዚህም ግለሰቡ ለእንቅልፉ የሚሰጠው ግምት፣ እንቅልፍ እስኪወስደው የሚፈጀው ጊዜ፣ የተኛበት ሰዓት፣ በአልጋ ላይ ከቆየበት ጊዜ የተኛበት ድርሻ፣ እንቅልፍ የሚያቋርጡ ምክንያቶች፣ የእንቅልፍ መድኃኒት መጠቀምና በቀን የሚታይ መዳከም ናቸው። ከ21 ነጥብ ከ5 በላይ የሚያገኝ ሰው የእንቅልፍ ጥራት ችግር እንዳለበት ይገመታል።

በጤናማ እንቅልፍ ወቅት የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ የልብ ምትም ይረጋጋል። እንቅልፍ በተደጋጋሚ ሲቆራረጥ ግን ሰውነት ይህን ዕረፍት አያገኝም። በመሆኑም ችግሩ ከደም ግፊት፣ ከስኳር ሕመም፣ ከልብ በሽታና ከድብርት ጋር ተያይዞ ይታያል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንቅልፍን ከስምንቱ የልብ ጤና መለኪያዎች አንዱ አድርጎታል።

ጉዳቱ በሥራ ላይም ይንጸባረቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። ይህም ማለት ንጋት 12 ሰዓት የተነሳ ሠራተኛ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ሳይተኛ ሲቆይ መኪና ቢያሽከረክር ወይም ሰነድ ቢመረምር ለስህተት የተጋለጠ ነው።

ለችግሩ መንስኤ ከሚሆኑት መካከል የምሽት ቡና ይገኝበታል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና በመኝታ ሰዓትም ሥራውን አይተውም። ጫትም እንዲሁ ያነቃል። መጠጥ ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛም በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍን ይቆራርጣል።

ከፍተኛ ማንኮራፋትም በብዙዎች ዘንድ የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሆኖም በመሃሉ ትንፋሽ የሚቋረጥና ቀን ላይ የሚያንቀላፋ ከሆነ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚያስተውሉት የትዳር ጓደኛና ቤተሰብ ናቸው።

በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ መኝታ ክፍልን ጨለማና ጸጥተኛ ማድረግ እንዲሁም የእጅ ስልክን ከአልጋ ማራቅ ይጠቅማል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት የሚያጋጥምና ለሦስት ወራት የዘለቀ የእንቅልፍ እጦት ግን ሥር የሰደደ ችግር በመሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት ከመውሰድ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ተገቢ ነው።