የመጫወቻ ባቡር የት እንደደረሰ የሚናገረው ትንሹ የመስታወት ቱቦ

ሁለት የመጫወቻ ባቡሮች በአንድ ክብ ሐዲድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። ፍጥነታቸው እኩል ይመስላል፤ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ሞተሮች ግን የሉም። ከጥቂት ዙር በኋላ ፈጣኑ የዘገየውን ከኋላ ይደርስበትና ይገጨዋል። አጠገባቸው ያለው ሰው ኤሌክትሪኩን በጊዜ ካላቋረጠ፣ በብዙ ወጪ የተገዛ ሎኮሞቲቭ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ሊሰባበር ይችላል።

ይህን ጥበቃ ከሰው ዓይን ወደ መሣሪያ ለማዛወር አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ባቡሩ አሁን የት ነው?

ትልቁ የምድር ባቡር ለዚህ መልስ ያገኘው ቀደም ብሎ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1872 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ፣ በሐዲዶቹ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስተላልፋል። የባቡሩ የብረት መንኮራኩሮች ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኙ ፍሰቱ ወደ ሪሌዩ መድረሱን ያቆማል፤ መስመሩ መያዙም ይታወቃል። በመጫወቻ ባቡር ላይ ግን ሐዲዱ ራሱ ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብል ነው፤ የብዙ ፉርጎዎች መንኮራኩርም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት በርካታ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ርካሽና ቀላል ወደሆነው የማግኔት ማብሪያ፣ ማለትም ወደ ሪድ ስዊች ያዘነብላሉ።

ሪድ ስዊች በ1936 በአሜሪካው ቤል የስልክ ቤተ ሙከራ በዋልተር ኤልውድ የተፈለሰፈ ነው። በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከብረትና ከኒኬል ቅይጥ የተሠሩ ሁለት ስስ ምላሶች ሳይነካኩ ይቀመጣሉ። ማግኔት ሲቀርባቸው ተቃራኒ ዋልታ ይዘው ይሳሳባሉ፤ ጫፎቻቸው ሲነካኩም ኤሌክትሪክ ያልፋል። ማግኔቱ ሲርቅ በራሳቸው የመለጠጥ ኃይል ይለያያሉ። ቱቦው የታሸገ በመሆኑ አቧራም ሆነ እርጥበት አይደርስባቸውም። በርካታ ሰዎች ይህን መሣሪያ ሳያውቁት በየቀኑ ይጠቀሙበታል፤ በሱቅና በመኖሪያ ቤት በር ላይ የሚገጠመው የሌባ ማንቂያ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው።

በባቡሩ ላይ አገጣጠሙ ቀላል ነው። ቱቦው በሐዲዶቹ መካከል ይቀመጣል፤ ትንሽ ማግኔት ደግሞ ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ይጣበቃል። በ1968 ለገበያ የቀረበው የጀርመኑ ኤልጂቢ ትልልቅ የአትክልት ሥፍራ ባቡሮችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው። ፋለር የተባለው ሌላው የጀርመን ኩባንያ በሚሠራቸው ትንንሽ መኪኖች ላይ ነገሩ ተገልብጧል፦ ስዊቹ በመኪናው ውስጥ ነው፤ ከመንገዱ ሥር የተቀበረው ኤሌክትሮማግኔት ሲነቃ መኪናው ይቆማል።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው የማግኔቱ አቀማመጥ ነው። አንዱ ዋልታው ወደ ታች የዞረ ክብ ማግኔት፣ ሐዲዱን አግድም ባቋረጠ ቱቦ ልክ መሐል ላይ ቢያልፍ ስዊቹ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል፤ ምላሶቹን የሚስበው ኃይል እዚያ ላይ እርስ በርሱ ይጣፋልና። መፍትሔው ቱቦውን ጥቂት ወደ ጎን ማንሸራተትና ማግኔቱ በአንደኛው ጫፍ ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ቱቦው በሐዲዱ አቅጣጫ ሲጋደም ደግሞ ይኸው ማግኔት ሁለት ጊዜ ሊያስነካው ይችላል፤ ባቡሩ አንድ ጊዜ አልፎ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ባቡር አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን የስሜት ክልል በ50 ሚሊ ሰከንድ ያልፈዋል። ስዊቹን በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ የሚመለከት የኮምፒውተር ፕሮግራም ባቡሩን ሳያየው ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ እንደ አርዱይኖ ያሉ ትንንሽ ሰሌዳዎችን የሚጠቀሙ ሰዎች ምልክቱ እንደመጣ ሌላውን ሥራ የሚያቋርጥ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩት ደግሞ አንዴ ከተገለበጠ በኋላ ቦታውን ይዞ የሚቆይ ሪሌይ ይመርጣሉ።

ሪሌዩ የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ አይደለም። ትንንሾቹ ስዊቾች የሚችሉት ብዙውን ጊዜ እስከ ግማሽ አምፔር ነው። የትልቅ ሎኮሞቲቭ ሞተር በቀጥታ ከታሰረባቸው ምላሶቹ በሙቀት ተጣብቀው ይቀራሉ። መስታወቱም ስስ ነው፤ የሽቦ እግሩን ከቱቦው ሥር ማጠፍ ይሰነጥቀዋል፤ በጉጠት ደግፎ ራቅ አድርጎ ማጠፍ ይበጃል።

እነዚህ ሲስተካከሉ ሁለቱን ባቡሮች ከግጭት መጠበቅ ይቻላል። ክቡ ሐዲድ ቢያንስ በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ በየመግቢያውም አንድ ስዊች ይቀመጣል። ባቡር ወደ አንድ ክፍል ሲገባ ስዊቹ ከኋላ ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለውን ኃይል ያቋርጣል፤ ተከታዩ ባቡር እዚያ ደርሶ ይቆማል። የፊተኛው ቀጣዩን ስዊች ሲያልፍ ኃይሉ ይመለሳል፤ የቆመውም ይንቀሳቀሳል።

ይሁንና ስዊቹ የሚያየው ማግኔቱን እንጂ ባቡሩን አይደለም። በጉዞ ላይ መያዣው ተላቅቆ አንድ ፉርጎ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ሎኮሞቲቩ ቀጣዩን ስዊች እንዳለፈ ክፍሉ ነጻ ነው ተብሎ ይወሰድና ተከታዩ ባቡር በቀረው ፉርጎ ላይ ይወጣል። የሮቢንሰን ዘዴ ይህን ጉድለት አያውቀውም፤ አንድ ፉርጎ እንኳ ሐዲዱ ላይ እስካለ ድረስ መስመሩ እንደተያዘ ይቆያልና። በሪድ ስዊች የሚሠሩ ጠንቃቆች ክፍሉን የሚያስይዘውን ማግኔት ከሎኮሞቲቩ ሥር፣ የሚያስለቅቀውን ደግሞ ከመጨረሻው ፉርጎ ሥር ያደርጉና በሐዲዱ ግራና ቀኝ በተለያዩ ሁለት ስዊቾች ያነቧቸዋል። የመጨረሻው ፉርጎ እስካላለፈ ድረስ ከኋላ ያለው ባቡር አይንቀሳቀስም።