መስቀል አደባባይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት

የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በ1977 ዓ.ም. ሲከበር 15 ዓመቴ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሰልፍ ሲያለማምዱን ከርመው በበዓሉ ዕለት ያኔ አብዮት አደባባይ በሚባለው ቦታ ለሰዓታት አቆሙን። ያን ክረምት ብዙ ተራምጃለሁ፤ ልቤን ግን ትንሽም አላቀለለውም። የማስታውሰው የደነዘዘ እግሬን ብቻ ነው።

እናቴ ያን ዕለት ልታየኝ አልመጣችም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚያው አደባባይ ላይ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወረ ከሰበረ ወዲህ፣ ወደ ስታዲየም የምትሄደው በሌላ መንገድ ዞራ ነበር። ከዚያ በኋላ የረገፉትን ወጣቶች የሚዘክረው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ዛሬ በአደባባዩ ጥግ ቆሟል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወደቀ፤ አደባባዩም መስቀል የሚለው ስሙ ተመለሰለት። የእናቴ መንገድ ግን አልተለወጠም።

የወንድሜ መርዶ የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ከጦር ግንባር። አርባው እስኪወጣ ቤቱ ሰው አልተለየውም። ለቀስተኛው ሲበተን እንቅልፌም አብሮ ሄደ። ሌሊት ተቀምጬ የወደቀበትን ቦታ በሐሳቤ እስላለሁ፦ ድንጋዩን፣ ጫማውን። ሩጫ የምትለማመድ የጎረቤታችን ልጅ መብራቴ ሲበራ እያየች ኖሯል። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ነገ 11 ሰዓት ላይ ላንኳኳ?» አለችኝ። እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ሰልፍ እንዲያይ ለተሰበሰበ ሕዝብ የተሠሩት እርከኖች በጨለማው ሰው ሞልቶባቸው ነበር። በነጠላ ጫማ የሚራመዱ ሽማግሌዎች፣ ወገባቸውን በነጠላ ያሰሩ ሴቶች፣ የነገን ውድድር የሚያስቡ ልጆች። አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱና አንድ ደረጃ ወጥተው በሚቀጥለው ይመለሳሉ። ማንም አያዝም፤ ማንም «ግራ፣ ቀኝ» አይልም። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ አየሩ ስስ ነው፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ትንፋሼ አጠረ። ልጅቷ ፍጥነቷን ቀንሳ ጎኔ ሄደች እንጂ አላቻኮለችኝም።

እርከን ላይ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ከእግሩ ሥር አያነሣም፤ ካነሣ ይደናቀፋል። እኔን ያዳነኝ ይህ ይመስለኛል። ወንድሜን አልረሳሁትም፤ ለ40 ደቂቃ ያህል ግን የወደቀበትን ቦታ መሳሌን አቆምኩ። ላቤ ሲደርቅ ይርበኛል፣ ሲመሽ ይደክመኛል። በሦስተኛው ሳምንት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቼ የነቃሁት ልጅቷ ስታንኳኳ ነው።

በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር 10,000 ሰው ሮጠ፤ አሸናፊው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። ጋዜጦች ስለ አዲስ ባህል ጻፉ። በዓሉን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ያ ባህል ስም ሳይወጣለት እርከኖቹ ላይ ቀድሞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ከሥሩም የመኪና ማቆሚያ ገባ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ቢንቀሳቀስ የድባቴና የጭንቀት ስሜትን እንደሚያቀልለት የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። ያንብቡት፤ ጥሩ ነው። ጎረቤቴ ግን አላነበበችውም ነበር፤ አንኳኳች።

እናቴ በ1996 ዓ.ም. ከእኔ ጋር መጣች። ከታችኛው እርከን ጥግ ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ እጄን ይዛ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። በማግስቱ ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

መርዶ ገብቶበት ሌሊቱን መብራት የማይጠፋበት ቤት በሰፈራችሁ ካለ፣ እባካችሁ ነገ በ11 ሰዓት አንኳኩ።