«ፒሎማትሪኮማ»፦ የአንድ እብጠት ስም ታሪክና የ«ዕጢ» ችግር

በሕክምና ስያሜዎች ታሪክ ውስጥ አንዳንድ ቃል ከበሽታው ጠባይ ይልቅ የሰያሚውን ግምት ተሸክሞ ለረጅም ዘመን ይኖራል። ለዚህ ምሳሌ የምናደርገው፣ አዘውትሮ በልጆች ራስና አንገት ላይ የሚወጣውን፣ ከቆዳ ሥር እንደ ጠጠር የሚዳሰሰውን እብጠት ነው።

ማሌርብና ሼናንቴ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1880 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኤፒቴሊዮም ካልሲፊዬ» ብለው ጻፉለት። ሁለተኛው ቃል ከላቲኑ «ካልክስ»፣ ማለትም ከኖራ የወጣ ሲሆን እውነትነት አለው፤ በእብጠቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የካልሲየም ጨው ይከማቻልና። ስሕተቱ በምንጩ ላይ ነበር። እብጠቱ ከወዝ ዕጢ የሚነሣ መስሏቸው ይህንኑ ከስሙ ጋር አያያዙት። ፎርቢስና ሄልዊግ በ1961 ባወጡት ጥናት 228 እብጠቶችን መርምረው ምንጩ ጠጉርን የሚያበቅሉት ሕዋሳት መሆናቸውን ስላስረዱ፣ «ፒሉስ» (ጠጉር) እና «ማትሪክስ» (ማሕፀን) የሚሉትን የላቲን ቃላት አጣምረው «ፒሎማትሪክሶማ» አሉት። በ1977 ደግሞ ሰዋስው ጣልቃ ገባ፤ የ«ማትሪክስ» ግንድ «ማትሪክ-» ስለሆነ ስሙ «ፒሎማትሪኮማ» ተብሎ ታረመ። እርማቱ ተገቢ ቢሆንም ሁለቱም ቅርጾች ዛሬም ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። «ዕጢ» የሚለው ቃላችን ወዝና ላብ የሚያመነጨውንም አካል፣ በሰውነት ላይ የሚበቅለውንም እብጠት በአንድነት ይጠራል። ስለሆነም «የጠጉር ዕጢ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ሳያውቀው ወደ 1880ው ግምት ይመልሰዋል። «ነቀርሳ» ማለት ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ካንሰር የሆነው ዓይነት እጅግ ብርቅ ሆኖ ሳለ ወላጅን ያለ ምክንያት ያስደነግጣልና።

ሐኪሙ ቆዳውን ወጠር ሲያደርገው እብጠቱ ማዕዘን ያወጣል፤ ይህም «የድንኳን ምልክት» ይባላል። ይሁንና ከቀዶ ሕክምና በፊት በሌላ እብጠት መሳቱ የተለመደ ነው። ብያኔውን የሚያጸናው ማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ በዚያ ኑክሊየሳቸው ጠፍቶ ዳርቻቸው ብቻ የቀረ «የጥላ ሕዋሳት» ይታያሉ። ይህ ቃል በሐኪሞች መካከል ይሠራል፤ ነገር ግን «ጥላ ወጊ» የሚል እምነት ባለበት አገር ለታማሚው በሚሰጥ ጽሑፍ ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን። እብጠቱ በራሱ ስለማይጠፋ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ጥቂቱ ነው።

ለሕዝብ በሚዘጋጅ ጽሑፍ «የጠጉር መብቀያ እብጠት»፣ ለባለሙያ ደግሞ «ፒሎማትሪኮማ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «እብጠት» እጅግ ሰፊ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሰፊነቱን አንክድም፤ ሆኖም እንደ «ዕጢ» የተሳሳተ ምንጭ አያመለክትም።