የቴኒስ ሰርቪስ፤ ሥርዓቱና ከታላላቅ ተጫዋቾች የሚገኘው ትምህርት

ሰርቪስ በሜዳ ቴኒስ ጨዋታ እያንዳንዱ ነጥብ የሚጀመርበት ምት ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከኋለኛው መስመር ውጭ ቆሞ ኳሷን በእጁ ወደ ላይ ይወረውርና መሬት ሳትነካ በራኬት መትቶ፣ ከመረቡ ማዶ በሰያፍ ወዳለው የሰርቪስ ሳጥን ይልካታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ዕድል ተሰጥቶታል፤ ሁለቱንም ያበላሸ እንደ ሆነ ነጥቡ ለተጋጣሚው ይሆናል፤ በትክክል ገብታ ተጋጣሚው ሳይነካት ያለፈች ሰርቪስ ግን «ኤስ» ተብላ ወዲያው ነጥብ ታስገኛለች። ከጨዋታው ምቶች ሁሉ የተጋጣሚ ፈቃድ ያልገባበት፣ ጊዜውንም አቅጣጫውንም መቺው ራሱ የሚወስነው ይህ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሌላውን ሥራ በጥሞና መርምሮ የራሱን ለማረም ለሚሻ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ከታላላቆቹ የሚቀሰመው የጥበቡ ሥርዓት እንጂ የእያንዳንዳቸው ጠባይና ልማድ እንዳይሆን፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የትምህርቱ መሠረት ነው።

የሜዳው ልክና የምቱ ጠባይ

ሜዳው 23.77 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ መረቡ በመካከሉ 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የሰርቪሱም ሳጥን ከመረቡ በ6.40 ሜትር ርቀት ላይ ያበቃል። በእነዚህ ልኮች ሲሰላ፣ ከኋለኛው መስመር ላይ ከ2.60 ሜትር በታች የተመታች ኳስ ቀጥ ባለ መስመር ብትጓዝ፣ ወይ መረቡን ትመታለች ወይም ሳጥኑን አልፋ ትወጣለች፤ ኳሷን ጎንበስ አድርገው ወደ ሳጥኑ የሚያወርዷት የመሬት ስበትና መቺው የሚሰጣት ሽክርክሪት ናቸው። ስለዚህም አካልን ዘርግቶ ከፍ ብሎ መምታትና ኳሷን ማሽከርከር ለጌጥ የተጨመሩ ሳይሆኑ፣ የሜዳው ልክ ራሱ የሚያስገድዳቸው ነገሮች ናቸው።

ታሪኩ

በ1877 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የዊምብልደን ውድድር በተደረገበት ዘመን፣ ሰርቪስ ከትከሻ በታች ወይም በትከሻ ልክ የሚመታ የጨዋታ መክፈቻ እንጂ ነጥብ ማሸነፊያ መሣሪያ አልነበረም፤ ከራስ በላይ መምታት እየተለመደ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው። እስከ 1960 ገደማ ድረስ ሕጉ ተጫዋቹ በሚመታበት ጊዜ ቢያንስ አንድ እግሩን ከመሬት እንዳያነሣ ያዝዝ ነበር። በ1948 እና በ1949 የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነው ፓንቾ ጎንዛሌስ በዚህ ሕግ ሥር ሆኖ በሰርቪሱ ኃይል ዝናን ማትረፉ፣ የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ዝላይ የምቱ ምንጭ ሳይሆን እግሮች መሬትን ወደ ታች የገፉበት ውጤት መሆኑን ያስረዳል። የሰርቪስ ኃይል በዘመናችን እስከ ምን እንደ ደረሰ ለማየት ያህል፣ በ2016 አሜሪካዊው ጆን ኢዝነር በአገሮች መካከል በሚደረገው የዴቪስ ካፕ ውድድር በሰዓት 253 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰርቪስ መትቷል።

የአካል ቅደም ተከተል

ኃይሉ ሁሉ ከክንድ ይመነጫል ብሎ ማሰብ የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው። በታላላቆቹ ዘንድ ጉልበት መጀመሪያ ይታጠፋል፤ ከዚያ ዳሌ፣ ከዳሌ ቀጥሎ ደረት፣ ከደረት ቀጥሎ ትከሻ፣ በመጨረሻም ክንድና አንጓ በተራቸው ይነሣሉ፤ እያንዳንዱም የአካል ክፍል ከበታቹ የተቀበለውን ፍጥነት አብዝቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። የራኬቱ እጀታ መዶሻ እንደሚያዝ ሆኖ ይያዛል። የምቱን ምስል አዝግሞ የሚመለከት ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል፤ ይኸውም ራኬቱ ወደ ኳሷ የሚወጣው በጠርዙ ሲሆን፣ ሊነካት ጥቂት ሲቀረው ብቻ ክንዱ ከትከሻ ጀምሮ ወደ ውስጥ ዞሮ የራኬቱን ፊት ወደ ኳሷ ያቀናዋል። ይህን ሳያስተውል ከመጀመሪያው አንሥቶ የራኬቱን ፊት ወደ ፊት ገልጦ የሚመታ ተማሪ፣ ምንም ያህል ቢደክም ኳሷን ይገፋታል እንጂ አይወነጭፋትም።

ልዩነትና አንድነት

ታላላቆቹ ተጫዋቾች በአቋቋማቸውና በልማዳቸው ይለያያሉ፤ ለምሳሌ ጆን ማኬንሮ ጀርባውን ለመረቡ ሊሰጥ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዞሮ ይቆም ነበር፤ አንዲ ሮዲክ ደግሞ ራኬቱን ወደ ታች የማወዛወዙን ልማድ ትቶ በአጭሩ ወደ ላይ ያነሣ ነበር። ነገር ግን ጉልበታቸው በታጠፈበት፣ የወርዋሪው እጅ ወደ ሰማይ በተዘረጋበትና ኳሷ ከራኬቱ ጋር በተገናኘችበት ቅጽበት የሁለቱ ሥርዓት አንድ ነው፤ ተማሪው ሊከተለው የሚገባውም ይኸው አንድነት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለአርአያነት የሚጠቀሰው ሰባት ጊዜ የዊምብልደን ሻምፒዮን የሆነው ፒት ሳምፕራስ ነው። በልጅነቱ ያሠለጠነው ሰው የምቱን ዓይነት የሚነግረው ኳሷ ከእጁ ከወጣች በኋላ ስለ ነበር፣ ለሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት አወራወር ለመደ፤ ተጋጣሚውም ኳሷ ወዴት እንደምትመጣ አስቀድሞ ሊያውቅ አይቻለውም ነበር። የዚህ ምስጢር ዋጋ በሌላ ታላቅ ተጫዋች ላይ ከደረሰው ይታወቃል፤ ተጋጣሚው የነበረው አንድሬ አጋሲ እንደ ተናገረው፣ ቦሪስ ቤከር ሊመታ ሲል ምላሱን ያወጣ ስለ ነበር፣ ምላሱ ያዘነበለችበትን ወገን አይቶ የኳሷን አቅጣጫ ይገምት ነበር።

የመማሪያው ስልት

ተማሪው ምስሉን ከጎንና ከኋላ ደጋግሞ ይመልከት፤ በአንድ ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የኳሷን አወራወር ወይም የጉልበትን መታጠፍ ብቻ ይከተል፤ ከዚያም የራሱን ምት በዚያው አንጻር አስቀርጾ ያስተያይ። ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝመው ኢዝነር ከከፍታው ያወርደው የነበረውን ምት መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሊቀዳው ስለማይችል፣ አርአያውን በአካል ከሚመስሉት መካከል ይምረጥ። ሁለተኛውን ሰርቪስም ቸል አይበል፤ ታላላቆቹ በሁለተኛው ዕድል ክንዳቸውን አያዘገዩም፣ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠርገው ሽክርክሪቷን ያበዙላታል እንጂ።

ልማድን በችኮላ መለወጥ ግን ሊቃውንቱንም ይጎዳል። ኖቫክ ጆኮቪች በ2010 የሰርቪሱን አመታት ለማሻሻል ሲሞክር ብዙ ድርብ ስሕተት (ሁለቱንም ዕድል ማበላሸት) ፈጽሟል፤ ወደሚያውቀው ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ ግን በ2011 ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን አሸንፏል። እንግዲህ የሰርቪስ ተማሪ ከአንድ ጌታ አንድ ትምህርት ብቻ ወስዶ፣ ያ ትምህርት በአካሉ እስኪዋሐድ ድረስ በየዕለቱ ይለማመድ፤ ሁለተኛውን የሚጨምረው የመጀመሪያው ሳያስበው በሚታዘዘው ጊዜ ይሁን።