ትውስታ አንድ ብቻ አለመሆኑ የታወቀበት ሕመምተኛ

የሥነ ልቦና ትምህርት ጀማሪዎች ስለ ትውስታ ሲማሩ በቅድሚያ የሚነገራቸው ትውስታ አንድ ወጥ ችሎታ አለመሆኑ ነው። ለጥቂት ሰኮንዶች የሚያዝ አለ፤ ለዓመታት የሚቀመጥ አለ፤ ሰው በአንደበቱ የሚገልጸው አለ፤ እጁ ብቻ የሚያውቀውም አለ። ይህ ክፍፍል ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በሥዕል ተደግፎ ስለሚቀርብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ታዋቂው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ላሽሊ በአይጦች ላይ ለብዙ ዓመታት ያካሄዱትን ምርምር ሲያጠቃልሉ፣ ለትውስታ በአንጎል ውስጥ የተለየ ሥፍራ ሊያገኙለት እንዳልቻሉ ጽፈው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የተደረገ አንድ ቀዶ ሕክምና ይህን አመለካከት ለወጠው። ዋጋውን የከፈለው ሕመምተኛው ነው።

ሄንሪ ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት ተወለደ። የሚጥል በሽታ በልጅነቱ በቀላሉ ጀመረው፤ መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፈው ብርቱው ዓይነት ግን በ15ኛ የልደት ቀኑ ያዘው። በ27 ዓመቱ፣ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን እየወሰደም ቢሆን፣ ሥራውን ለመቀጠል ከማይችልበት ደረጃ ደረሰ። ቤተሰቡ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ዊልያም ስኮቪል የወሰዱት በዚህ ጊዜ ነበር።

ኦገስት 25 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ዶክተር ስኮቪል በሃርትፎርድ ሆስፒታል የሄንሪን ግንባር ብቻ አደንዝዘው ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቀዳዳዎች ከፈቱ፤ የአንጎሉን የፊት ክፍል በጥንቃቄ ከፍ አድርገው ከሁለቱም ወገን የቴምፖራል ሎብን የውስጥ ክፍል አወጡ። ከወጡት መካከል አሚግዳላና አብዛኛው የሂፖካምፐስ የፊት ክፍል ይገኙበታል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተደረገው የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ የሕመሙን መነሻ በየትኛውም ወገን ለይቶ አላሳየም ነበር። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ሐኪሙ ራሳቸው ተግባሩን በግልጽ የሙከራ ቀዶ ሕክምና ሲሉ ሰይመውታል። ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ቀደም ሲል በጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ላይ ተደርጓል። በእነዚያ ሕሙማን ላይ የደረሰው የትውስታ ጉዳት ያልታየው ሕመማቸው ከባድ ስለነበረና ስለ ትውስታቸው በሚገባ የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው።

በሕመሙ በኩል ውጤቱ መልካም ነበር፤ የመንዘፍዘፉ ብዛት በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም ሄንሪ በየቀኑ የሚያስታምሙትን ሰዎች መለየት፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መንገድ መያዝ አልቻለም። የልጅነቱን ጊዜ ያስታውሳል፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የሆነው ግን እንደተፈጸመ ይጠፋበታል።

በዚያን ጊዜ በሞንትሪያል ዶክተር ዊልደር ፔንፊልድና የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ከአንድ ወገን ብቻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ትውስታቸውን ያጡ ሁለት ሕሙማንን እያጠኑ ነበር። ዶክተር ስኮቪል ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ሕመምተኛ ጉዳይ አሳወቁ፤ ሚልነርም እ.ኤ.አ. በ1955 በባቡር ወደ ሃርትፎርድ ሄዱ። በምርመራው ሄንሪ ዓመቱ 1953፣ ዕድሜውም 27 እንደሆነ መለሰ። የአእምሮ ችሎታ መለኪያው ግን 112 ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከአማካይ በላይ ነው። የማሰብ ችሎታው ሳይነካ ትውስታው ብቻ መጥፋቱ በዚህ ተረጋገጠ። ሁለቱ ባለሙያዎች አሥር ሕሙማንን የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያሳትሙ ሄንሪን «ኤች.ኤም.» በሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ጠሩት።

ሚልነር በአንድ ወቅት 5፣ 8፣ 4 የሚሉትን ቁጥሮች እንዲይዝ ነገሩት። ሄንሪ ቁጥሮቹን በልቡ እየደመረና እየቀነሰ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳይጠፉበት ቆየ፤ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር በዞረ ጊዜ ግን ቁጥሮቹ ብቻ ሳይሆኑ እንዲይዝ መታዘዙም ጭምር ጠፋበት። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ መያዝና ለዘለቄታ ማስቀመጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው። ሕመምተኛን ሦስት ቃላት አስይዞ ወዲያው ማስደገም የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ኤች.ኤም. ይህን ፈተና ያለ ስሕተት ያልፍ ነበር። ሐሳቡን በሌላ ጥያቄ አዙሮ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቃላቱን መልሶ መጠየቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው የኮከቡ ፈተና ነው። ሄንሪ እጁን በቀጥታ እንዳያይ ተጋርዶበት፣ በመስተዋት ብቻ እየተመለከተ በሁለት መስመር የተሳለ ኮከብን ተከትሎ እንዲሥል ተደረገ። ነገሩ ለማንም ሰው መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነው። ሄንሪ ለሦስት ቀናት ደጋግሞ ሲሞክር ስሕተቱ እየቀነሰ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን አሳምሮ ይሠራ ጀመር፤ ሥራውን ከዚያ በፊት መሥራቱን ግን ፈጽሞ አያውቅም። እጁ ለምዷል፤ እርሱ ግን መማሩን አያስታውስም። ክህሎትን የሚይዘው የትውስታ ዓይነት ከሂፖካምፐስ ውጭ እንደሚኖር ያመለከተው ይህ ነው።

የኤች.ኤም. ኑሮ ግን በፈተናዎች አይለካም። የሚወደው አጎቱ መሞቱን ሲሰማ በጣም አዘነ፤ ወዲያውም ረሳው። አልፎ አልፎ አጎቱ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል፤ ሲነገረውም ሐዘኑ እንደ አዲስ ይቀሰቀሳል። መርዶ በተነገረ ቁጥር ለእርሱ የመጀመሪያው መርዶ ነበር። ትውስታው ተወስዷል፤ የማዘን ችሎታው ግን አልተወሰደም። ለሐኪምም ሆነ ለነርስ ይህ ከኮከቡ ይልቅ የሚከብድ ትምህርት ይመስላል።

ዶክተር ስኮቪል ውጤቱን ካዩ በኋላ ሌሎች ቀዶ ሐኪሞች ይህን ቀዶ ሕክምና በሁለቱም ወገን እንዳያደርጉ አስጠንቅቀዋል። በግልጽ መጻፋቸውና ማስጠንቀቃቸው ሊመሰገን ይገባል። የሄንሪ ጉዳይ ግን በዚያ አላበቃም። ከሚልነር ቀጥሎ በተለይ ሱዛን ኮርኪን ለበርካታ አሥርት ዓመታት አጠኑት። በፍርድ ቤት ሞግዚት የተሾመለት እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። የጠየቁትን ከደቂቃዎች በኋላ የማያስታውስ ሰው ለምርምር የሚሰጠው ስምምነት ምን ያህል ስምምነት ነው? ጥያቄው የቀዶ ሐኪሙ የልጅ ልጅ ሉክ ዲትሪች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ኮርኪን በቅንነትና በእንክብካቤ እንደሠሩ የሚመሰክሩላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቅንነት ግን የፈቃድን ጥያቄ አይመልስም።

ሄንሪ ሞላይሰን ዲሴምበር 2 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በ82 ዓመቱ በኮነቲከት አረፈ። ሙሉ ስሙ ለሕዝብ የተገለጸው ከዚያ በኋላ ነው። በማግሥቱ ዓመት አንጎሉ በሳን ዲያጎ ቀዝቅዞ በ2,401 ስስ ገጾች ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የምርመራ ውጤት እንደሚያሳየው የሂፖካምፐሱ የኋላ ክፍል በጉልህ መጠን ሳይነካ ቀርቶ ነበር፤ ወደ እርሱ መረጃ የሚያስተላልፈው አካባቢ ግን ከሞላ ጎደል ተወግዷል። በግራ የፊት አንጎሉ የታችኛ ክፍልም ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ ትንሽ ጉዳት ተገኝቷል።