የድንጋይና የቃል ምስክርነት፤ የአርሲ መቃብሮችና የትውልድ ቆጠራ

ሰው የማን ልጅ፣ የማንስ የልጅ ልጅ መሆኑን ማወቅ በአርሲ ደጋ ለጌጥ የተያዘ ዕውቀት ሆኖ አያውቅም። ማን ማንን ሊያገባ እንደሚችል፣ ደም በፈሰሰ ጊዜም ጉማውን ማን ከማን ጋር አዋጥቶ እንደሚከፍል የሚለየው በትውልድ ቆጠራ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሲኮና መንዶ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባል፤ ሲኮ በአምስት፣ መንዶ በሰባት ይቆጠራል፤ ከእነዚህም ሥር አያሌ ጎሳዎች ይዘረዘራሉ። በልማዱ ከአንድ ጎሳ የተወለዱ አይጋቡምና ልጅ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ወደ ላይ እየቆጠረ ማደጉ ግድ ነበር። የዚህ መዝገብ ብራናው የሽማግሌ አንደበት ነው።

ከአንደበቱ ጎን ሌላ ምስክር ቆሟል፤ ይኸውም የመቃብር ድንጋይ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላና ወደ አዳባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እንዲሁም በአርሲ ደጋ በልዩ ልዩ ስፍራ በድንጋይ ካብ የታጠሩ መቃብሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ የተተከለው ጥርብ ድንጋይ በቅርጽና በቀለም ያጌጠ ነው፤ ጦርና ጋሻ የያዘ ፈረሰኛ፣ አንበሳ፣ ከብት፣ ከጊዜ በኋላም ጠመንጃ ተሥሎበታል። ሠዓሊው ሕዝቡ የሚያከብረውን ጀግንነትና ሀብት በድንጋዩ ላይ አስፍሮ አልፏል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ስም አይጠራም። በፈረሱ ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ጎሳ እንደ ተወለደና ማንን እንደ ወለደ የሚናገረው በአካባቢው የሚኖር ዐዋቂ ነው። እንግዲህ ድንጋይና ቃል አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ናቸው።

የደቡብ ኢትዮጵያን የመቃብር ሐውልቶች ፎቶግራፍ ማንሣት የቆየ ሥራ ነው። አዛይስና ሻምባርድ የተባሉት ፈረንሳውያን የአምስት ዓመት ምርምራቸውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ ሲያሳትሙ አንዱን ጥራዝ ለሥዕልና ለፎቶግራፍ መድበውታል። ጀርመናዊው ኤይኬ ሃበርላንድም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሰፊ መጽሐፍ የቦረናን፣ የጉጂንና የአርሲን ኦሮሞ ባህል አጥንቷል። የነዚህ ሰዎች ድካም የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የድንጋዩን ቀለም ሊያሳይ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለተመራማሪ የድንጋዩ ዓይነትና የቆመበት ስፍራ ብዙ ሊነግረው ሲችል፣ የሟቹ የልጅ ልጅ የሚፈልገው ስምን ነው።

ስምና ድንጋይ እንዴት ተለያዩ? መልሱ በአርሲ የመሬት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1886 በአዙሌ ጦርነት የተደመደመው ዘመቻ አገሩን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲያውል፣ አብዛኛው ባለ ርስት በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ነገር ግን አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ የሚያስገኘውን ትርፍ ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስወገደ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በአርሲ ሲካሄድ፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ወደ አዳዲስ መንደሮች ተሰበሰበ። በሁሉም ጊዜ ሰው ከብቱንና ዕቃውን ይዞ ተነሥቷል፤ የአባቱን መቃብር ይዞ የተነሣ ግን የለም። ድንጋዩ በማረሻና በዝናም መካከል ብቻውን ቀረ።

በከተማ የነገሩ መልክ ይለወጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው አሰላም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የሚቆመው ሐውልት በአብዛኛው ስምና ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት፣ አንዳንዴም የሟቹ ፎቶግራፍ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠበት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው መካነ መቃብር እየዞሩ ድንጋይ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ የሚመራቸውም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። የእኛ አገር ስም እንዲህ አይደለም። የራስ ስም ከአባት ስም ጋር ተጽፎ ሁለት ትውልድ ያሳያል፤ አያት ቢታከልበት ሦስት ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን መልሶ የሚሞላው ቃል ነው።

ድንጋዩም በተራው ቃል የዘነጋውን ይሞላል። የትውልድ ቆጠራ ከአባት ወደ አባት የሚወጣ በመሆኑ እናቶችን እያለፋቸው ይሄዳል። ኢትዮጵያዊት ሴት ግን ባል በማግባቷ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ሐውልቷም ላይ የሚጻፈው የራሷና የአባቷ ስም ነው። በአውሮፓ በባል ስም ተሸፍኖ የሚጠፋው የእናት ወገን፣ እዚህ ከሐውልቱ ላይ ሊነበብ ይችላል። ከሽማግሌ ቃል የቀረችው ሴት ከድንጋይ ላይ ትገኛለች ማለት ነው።

ስለዚህ ካሜራ ይዞ ወደ መቃብር የሚሄድ ሰው በሌላው እጁ ደብተር ሊይዝ ይገባዋል። ያልጠለቀ ቅርጽ በጠዋትና በማታ ፀሐይ፣ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጎልቶ ይታያል። ድንጋዩን መፋቅ ወይም በጠመኔ ማድመቅ ቀለሙን ያጠፋል። ካቡና አካባቢው አብረው ይነሡ፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ የስፍራው ስም፣ የሟቹ ትውልድ፣ የተናጋሪው ማንነትና ዕለቱ ይጻፍ። ከሁሉ አስቀድሞ የቤተሰቡ ፈቃድ ይጠየቅ። በአርሲ ሙስሊም የሆነው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የሃይማኖቱ ሊቃውንትም መቃብርን በሥዕል ማስጌጥን አይደግፉም። በመሆኑም ያላጌጠ መቃብር የተረሳ ሰው መቃብር አይደለም፤ ምልክት በሌለበትም ስፍራ ቆጠራው ሕያው ሊሆን ይችላል።

መምህር ተማሪዎቹን የአያቶቻቸውን ስም ከነእናቶቻቸው ጽፈው እንዲያመጡ ቢያዝ፣ ሠዓሊም የደበዘዘውን ፈረሰኛ ቀለም ሳይጠፋ ቢገለብጥ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ድንጋዩ ለጥቂት ዘመን ይታገሥ ይሆናል፤ ስሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም።