የሌድ ዘፕሊን የጎጆ ሙግት

ኦክቶበር 5 ቀን 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የዘፈን ክስ አላይም ብሎ መለሰ። ተከሳሹ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሌድ ዘፕሊን ነበር። ማንም ቀጠሮ ሳይዝለት፣ ያ ዕለት የባንዱ ሦስተኛ አልበም አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ከዋለ ድፍን 50 ዓመት የሞላበት ሆኖ ተገኘ። ክሱ የቀረበው ግን በሦስተኛው አልበም ላይ ሳይሆን ቀጥሎ በወጣው ላይ ነው። ሁለቱን የምታገናኛቸው ዌልስ ውስጥ ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ጎጆ ናት። (በጽሑፉ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባንዱ አነሳስ ብዙ የተነገረለት ነው። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ፣ ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት፣ ቤዝና ኪቦርድ የሚጫወተው ጆን ፖል ጆንስ እና ድራመሩ ጆን ቦናም በ1968 ለንደን ላይ ተሰባሰቡ። በ1969 ብቻ ሁለት አልበም አወጡ። ሁለተኛው የቢትልስን «አቢ ሮድ» ከአሜሪካ ሰንጠረዥ አናት አውርዶ 7 ሳምንት ነገሠ። አድማጩ የወደደላቸውም የሚያስገመግመውን ጊታር፣ ደረት የሚደልቀውን ድራምና ጣራ የሚነካውን የፕላንት ድምፅ ነበር።

በአፕሪል 1970 አምስተኛው የአሜሪካ ጉዟቸው ሲያበቃ ሁሉም ዝለው ነበር። ያን ጊዜ ፕላንት በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ያረፈባት አንዲት ቤት ትዝ አለችው። ብሮን ኧር አይር ትባላለች፤ ማኸንሌዝ ከተባለችው የዌልስ ከተማ አቅራቢያ ያለች የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎጆ ናት። መብራትም የቧንቧ ውኃም የላትም። ፔጅና ፕላንት ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ፤ አብረዋቸው የሄዱት ሁለት የባንዱ ሠራተኞች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ከምንጭ ውኃ ይቀዳሉ። ማታ እሳት ይነድዳል፣ ሻማ ይበራል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ኤሌክትሪክ ጊታር ለማንም አይረባምና፣ በሰዎቹ እጅ የቀረው አኩስቲክ ጊታር ብቻ ነበር።

ከጎጆዋ የወጣው ፍሬ በእርግጠኝነት ይታወቃል። አንድ ቀን ሁለቱ ሽርሽር ወጥተው ሲመለሱ ሸለቆ ውስጥ አረፍ አሉ። ፔጅ ጊታሩን አንስቶ አንድ ዜማ ጀመረ፤ ፕላንት ወዲያው ግጥም አወጣለት። ይዘውት በዞሩት ቴፕ ሪከርደር ቀዱትና «ዛትስ ዘ ዌይ» ተወለደ። የሦስተኛው አልበም ሁለተኛ ገጽ በሙሉ ለማለት ይቻላል በዚህ መንፈስ የተሠራ ነው፤ በሸክላው ልባስ ላይም ጎጆዋ በስሟ ተጠርታ ተመስግናለች።

ነገር ግን ምስጋናው ከአድማጭ ጆሮ ጋር አልተስማማም። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነው ለ4 ሳምንት ብቻ ነው። ሃያስያን ዘፕሊን የእነ ክሮስቢ፣ ስቲልስና ናሽን ለስላሳ አጨዋወት ገለበጠ አሉ። ፔጅ በዚህ ክፉኛ ተቆጥቶ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ለጋዜጠኛ ቃለ ምልልስ ነፈገ። ቁጣው መሠረት ነበረው። በመጀመሪያው አልበም ላይ «ብላክ ማውንቴን ሳይድ» የተባለው ቅንብር ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራ ነው። «ቤብ አይም ጎና ሊቭ ዩ» ደግሞ ፔጅ ከጆአን ቤዝ ሸክላ የሰማው ሲሆን፣ በለሆሳስ ጀምሮ እየደጋገመ የሚፈነዳ ዘፈን ነው። ለስላሳው ገና ከጥንስሱ አብሯቸው ነበር።

ለስላሳው አጨዋወት መድረክ ላይም ወጣ። አልበሙ ገና ሳይወጣ፣ በጁን 1970 በባዝ ፌስቲቫል ላይ «ዛትስ ዘ ዌይ» በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ተሰማ። ከዚያ በኋላ በኮንሰርቶቻቸው መሀል ተቀምጠው አኩስቲክ መጫወት ልማድ ሆነ፤ ጆንስም ማንዶሊን ያነሳ ነበር።

ወደ ሙግቱ እንምጣ። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» በአራተኛው አልበም በኖቬምበር 1971 የወጣ፣ 8 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ነው። በአኩስቲክ ጊታር ይጀምራል፤ ጆንስ የነፋቸው የእንጨት ዋሽንቶች ይከተላሉ። ቦናም ዱላውን ይዞ አራት ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃል። ድራሙ የሚገባው ካራተኛው ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከዚያ የፔጅ ሶሎ ይመጣል፤ ፕላንትም ይጮኻል። ለስላሳውና ከባዱ በአንድ ዘፈን ውስጥ ተራ በተራ የገቡበት ነው።

ይህ ዘፈን የት ተወለደ? በየመጽሐፉና በየመጽሔቱ ሲደጋገም የኖረው መልስ ጎጆዋ ናት የሚል ነበር። ጆንስ ራሱ ቀደም ሲል፣ ሁለቱ የጊታሩን መግቢያና የመጀመሪያውን ስንኝ ይዘው ከዌልስ ተራራ እንደመጡ ተናግሯል። የኮረብታ ጭስ፣ የሻማ ብርሃንና የዘመኑ ታላቅ ዘፈን አንድ ላይ ሲሆኑ ለጋዜጠኛ ጥሩ ወሬ ይሆናሉ።

በ2014 ስፒሪት የተባለው የአሜሪካ ባንድ ጊታሪስት የነበረው የራንዲ ካሊፎርኒያ ወኪል ክስ መሠረተ። የ«ስቴርዌይ» መግቢያ ከስፒሪት የ1968 ቅንብር «ቶረስ» የተሰረቀ ነው አለ። ሁለቱ ባንዶች በዲሴምበር 1968 ዴንቨር ላይ በአንድ መድረክ ተጫውተው ነበርና ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። በጁን 2016 ሎስ አንጀለስ ላይ ፔጅ በቃለ መሐላ ሲመሰክር፣ ዜማውን ብቻውን እንዳዘጋጀውና ለጓደኞቹ ያሰማቸው ሄድሊ ግሬንጅ በተባለው ቤት እንደሆነ ተናገረ። ፕላንትም የመጀመሪያው ስንኝ የመጣለት እዚያው፣ እሳት ዳር እንደነበር መሰከረ።

ሄድሊ ግሬንጅ በሃምፕሸር ያለ፣ በ1795 የተሠራ የቀድሞ የድሆች መጠለያ ነው። ባንዱ የሮሊንግ ስቶንስን የመቅጃ መኪና በሩ ላይ አቁሞ እዚያው ከረመ። ፔጅ አንድ ምሽት የጆንስን ማንዶሊን አንስቶ ሲሞክር «ዘ ባትል ኦቭ ኤቨርሞር» ተፈጠረ። በዚያው ቤት የቦናም ድራም መግቢያው አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኖቹ ከላይ ከደረጃው ተንጠልጥለው «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ተቀዳ። ማንዶሊኑም ነጎድጓዱም ከአንድ ጣራ ሥር ወጡ ማለት ነው።

ለጎጆዋ የሚከራከር ሰው የሚለው አያጣም። በዚያ ጊዜ የተሠሩ ሁሉ ወዲያው አልወጡም፤ በጎጆዋ ስም የተጠራው አጭር የጊታር ቅንብር እንኳ በ1970 ተቀድቶ የወጣው በ1975 ነው። ሆኖም ለሦስተኛው አልበም ፔጅ ከ1968 ጀምሮ ይዞት የቆየውን «ታንጀሪን» ከጓዳ እንዳወጣ ስናስብ፣ እንዲህ ያለ መግቢያ በእጁ እያለ ዝም ማለቱ ያጠራጥራል። የጆንስን የድሮ ቃል እስከ መጨረሻው ካነበብነውም፣ እሱ ራሱ ዜማውን የሰማው ሰፊ የገጠር ቤት ውስጥ፣ የሚንቀለቀል እሳት ፊት ነው። ሁለቱ ትረካዎች የሚገናኙት ከአንድ ምድጃ ዳር ነው። ዘፈኑም ቢሆን ድራመር በሌለበት ጎጆ ግማሹ ብቻ ነው፤ የዌልሷ ቤት ባንዱን ጸጥታ አስተማረችው ቢባል ይበቃታል።

ጁሪው ለዘፕሊን ፈረደ። በ2018 የይግባኝ ችሎት እንደገና ይታይ ቢልም፣ በማርች 2020 ሰፊው ችሎት የመጀመሪያውን ፍርድ አጸና። በዚያው ውሳኔ፣ ተከሳሹ የከሳሹን ሥራ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ከሆነ የመመሳሰል ማስረጃው ጥቂት ቢሆንም ይበቃል የሚለውን የቆየ ደንብ ሻረው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዜማ ስርቆት የሚካሰሱ ሙዚቀኞች ጠበቆች ብዙ ጊዜ ይህን ውሳኔ ይጠቅሳሉ።

በፌብሩዋሪ 2025 ለሲኒማ የቀረበው «ቢካሚንግ ሌድ ዘፕሊን» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ታሪኩን የሚያስተርከው በአባላቱ በራሳቸው አንደበት ብቻ ነው፤ የሚያበቃውም ጎጆዋ ደጃፍ ሳይደርስ፣ በ1970 መግቢያ ላይ ነው። ቀጣዩን ክፍል የሚሠራ ሰው ቢነሣ፣ በቃለ መሐላ የተነገረውና በቃለ ምልልስ የተወራው ልዩነት እንዳላቸው አውቆ መነሣት አለበት።